ተዘግቶ ዳታ የበላው ስልኬ

ልጅ እያለን ገርጂ፣ ከቤታችን ጀርባ፣ ጅኒ አለበት የሚባል የተተወ ጉድጓድ ነበር፣ ኳሳችን እዚያ ውስጥ በገባች ቁጥር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ዞሮ የሚያየው እኔን ነው፣ ገብቼ የማወጣው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ያውም ከውስጥ ሆኜ «ያዘኝ፣ ያዘኝ» እያልኩ ሳስደነግጣቸው ቆይቼ። ይሄን የምነግራችሁ ጀግና ነበርኩ ለማለት አይደለም፣ ቀጥሎ የማወራውን ስትሰሙ «ይሄማ ድሮም የሚያምን ሰው ነው» እንዳትሉኝ ነው። ወላጆቼ የወሎ ሰዎች ናቸው፣ አክስቶቼ ተሰብስበው ስለ ጅኒና ስለ ዛር ወግ ከጀመሩ አያባሩም፣ እኔ ግን መሀል ገብቼ «ስንት ኪሎ ይሆናል?» እያልኩ ወጋቸውን የማበላሽ ልጅ ነበርኩ፣ ሳድግም እንጀራዬ ከሚዛን ጋር ሆነና ጭራሽ ባሰብኝ፣ ያልተመዘነ ነገር አላምንም።

ሥራዬን ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ቦሌ ኤርፖርት፣ ጭነት በሚስተናገድበት በኩል፣ ለአንድ የግል ድርጅት ወደ ውጭ የሚላክ አበባና ሥጋ አስመዝናለሁ። እኛ ወደምንሠራበት መጋዘን ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ በሩ ላይ ትንንሽ በሮች ያሉት የብረት ቁምሳጥን ቆሟል፣ እያንዳንዳችን ስልካችንን አጥፍተን የየራሳችን ሳጥን ውስጥ እንቆልፍና ቁልፉን ኪሳችን ከተን እንገባለን። ይሄን የሚቆጣጠሩት ጋሽ በላቸው የሚባሉ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፣ እመኑኝ፣ እሳቸው እያሉ ስልክ ሳያጠፋ ያለፈ ሰው የለም፣ ስክሪኑ ጨልሞ እስኪያዩ ዓይናቸውን አይነቅሉም፣ አንዳንዴ ከጠፋም በኋላ ተቀብለው ጆሯቸው ላይ ያስጠጉታል፣ ምን እንደሚሰሙ አንድዬ ይወቅ።

ስልኬ ውስጥ ያለው ሲም የመሥሪያ ቤቱ ነው፣ ወር ሲሞላ የሚከፈልበት፣ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል፣ ከዚያ ያለፈውን እኔ ከደሞዜ። ጣሪያውን ነክቼው አላውቅም፣ ስልክ ላይ ቪዲዮ ማየት የሥራ ፈት ሥራ ነው የምል ሰው ነኝ። ታዲያ አንድ ወር መጨረሻ ላይ ሒሳብ ክፍል የምትሠራው ሰናይት አስጠራችኝና ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ከዚያ ቀስ ብላ «ጀማል፣ ሲኒማ ቤት ከፍተሃል እንዴ?» አለችኝ። ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው፣ የሦስት ወር ደሞዜ ተደምሮ እንኳ የማይሞላው የዳታ ክፍያ በስሜ ተቀምጧል። ሳቅኩ። እውነቴን ነው፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው፣ የሌላ ሰው ነው ብዬ። ሰናይት ግን አልሳቀችም፣ በየወሩ እየተቆረጠ እንደሚያልቅ ብቻ ነገረችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግሥቱ ፈቃድ ጠይቄ ጉርድ ሾላ ወደሚገኘው የስልክ አገልግሎት ቢሮ ሄድኩ፣ ወረፋ ይዤ፣ በልቤ ጠብ ይዤ። ያገኘኋት ልጅ ግን ለጠብ የምትመች አልነበረችም፣ እኔ ድምፄን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር እሷ ይበልጥ ታለሰልሳለች፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ደግሞ ያናድደኛል። አይታ አይታ፣ ዳታው ያለቀው በቪዲዮ ጥሪ ነው አለችኝ፣ በየቀኑ ሥራ በምገባበት ሰዓት ይጀምራል፣ ልወጣ ስል ይቆማል፣ ማታና ቅዳሜ እሑድ ምንም የለም። ማን ጋር ነው ስላት፣ እሱን እኛ አናየውም፣ ምን ያህል እንደሄደ እንጂ ወዴት እንደሄደ አይታየንም አለችኝ።

እኔ ግን በደስታ ልፈነዳ ደረስኩ፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ስልኬ ጠፍቶ፣ ብረት ውስጥ ተቆልፎ፣ ላዩ ላይ ጋሽ በላቸው ተቀምጠውበት ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ። በሚኒባስ ወደ ቤት ስመለስ እየዘፈንኩ ነበር ማለት ይቻላል፣ ገና ከበር ለባለቤቴ ለከዲጃ «ስሕተት ነው፣ የሚበላው ሥራ ላይ ሆኜ በጠፋበት ሰዓት ነው» ብዬ አበሠርኳት። እዚህ ላይ አንባቢ ወዳጄ፣ አንተ ሚስት ካለችህ አሁን ራስህን እየነቀነቅክ ነው፣ እኔ ግን አልገባኝም ነበር።

ከዲጃ የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠች። ከተጋባን ጀምሮ ቀን ቀን ስትደውልልኝ የምትሰማው «ማግኘት አይችሉም» የምትለዋን ሴትዮ ብቻ ነው፣ ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው እያልኩ ሳስረዳት ኖሬአለሁ፣ እሷም ችላ ኖራለች። እናቷ እማማ ዘምዘም መታጠቢያ ቤት አንሸራትቷቸው ወድቀው ሐኪም ቤት ይዛ ስትሮጥ እንኳ ያገኘችው ያችኑ ሴትዮ ነው። እኔ ደግሞ አሁን በገዛ አፌ፣ በዚያ ሁሉ ሰዓት ስልኬ ቪዲዮ ጥሪ ላይ እንደነበረ ነግሬአት ቆሜ ፈገግ እላለሁ።

«ለእኔ ዝግ» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «ለማን ነው ክፍት?»

ብዙ አወራሁ፣ ሳወራ ደግሞ ጉዱን አባባስኩት፣ ስናደድ የሚጣፍጥ ነገር አይወጣኝም፣ «እንግዲያው ጅኒ ነው የደወለበት» ብዬ ጮህኩባት፣ የመጨረሻው ስድብ እሱ ነበር የመሰለኝ። ከዲጃ ትንሽ ሻንጣ ሞላችና ሰሚት፣ እናቷ ቤት ሄደች። አልቅሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ እሷ ግን አላለቀሰችም፣ ሩዙ ምድጃው ላይ እንዳለ ነግራኝ ወጣች። ያን ሌሊት የሦስት ወር ደሞዝ ትዝ አላለኝም፣ ሦስት ዓመት ይቆረጥ፣ እሷ ትመለስ እንጂ እያልኩ ስገላበጥ ነጋ።

በበነጋታው ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ፈረቃ ተለዋወጥኩና ልክ እንደሚገባ ሰው ስልኬን አጥፍቼ፣ ሲሙንም አውጥቼ የኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ባዶውን ስልክ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፍኩና ጋሽ በላቸው አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደማልገባ ሲጠይቁኝ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሚስቴ መሄዷንም ጭምር፣ ለሰው የማልናገረውን። ሲያዳምጡ ቆዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሃ» አሉ፣ «እናትየዋ የአንተ ናቸው ለካ።»

የትኛዋ እናት ናቸው ብላቸው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት አሉኝ፣ ረጋ ብለው፣ ስለ ሰርቪስ አሽከርካሪው እንደሚነግሩኝ። ወሩን ሙሉ ከቁምሳጥኑ ውስጥ አንዲት አሮጊት ሰላም ይሏቸዋል፣ ከየትኛው ሳጥን እንደሆነ አይለዩትም፣ እሳቸውም ይመልሳሉ፣ እንግዲህ አንዱ ስልኩን በደንብ አላጠፋው ይሆናል ብለው ነው፣ ሰላምታው ደግሞ የዋዛ አይደለም፣ የቤቱን፣ የከብቱን፣ የጤናውን፣ የዝናቡን ሲጠያየቁ ሰዓቱ ይሞላና ፈረቃ ይወጣል፣ በማግሥቱ እንደገና ከመጀመሪያው። ወሩን ሙሉ ከሰላምታ አላለፉም። በንዴት ጋየሁ፣ ጋሽ በላቸው፣ ያ ሁሉ ዳታ የእኔ ነው እኮ፣ ለምን መለሱላቸው አልኳቸው። እንደ ባለጌ ልጅ አዩኝ።

«ሰው ሰላም ሲል ዝም ይባላል እንዴ?»

ደግሞ ሲሙን እንዳወጣሁት ስነግራቸው ቅር አላቸው፣ «እንግዲያው ዛሬ አይመጡም ማለት ነው» አሉና ወደ መንገዱ ማየት ጀመሩ። እኔም ተመልሼ ያው የድሮው ጀማል ሆንኩ፣ ሽማግሌው ብቻቸውን ሲውሉ ጆሯቸው ያወራላቸዋል፣ ሌላ ምን አለ፣ ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ከላያችን አውሮፕላን ይነሳል፣ አበባ የጫነ መኪና መጣ፣ ሄደ፣ እንቅልፍ ሸለብ ሊያደርገኝ ሲል ቁምሳጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር ጫር ጫር አለ። አይጥ ነው አልኩ። ደግሞ ጫር አደረገና፣ ቆይቶ፣ እመኑኝ እንዳትስቁ፣ ቋ ቋ ቋ አለ።

ዶሮ ናት። የብረት ቁምሳጥን ውስጥ፣ ቦሌ ኤርፖርት፣ ዶሮ። ወደ ጋሽ በላቸው ዞርኩ፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው ቀና ብለው ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው በርቷል። «መጀመሪያ ዶሮዋ ናት የምትመጣው» አሉኝ በሹክሹክታ፣ እንግዳ እንዳይሰማ እንደሚሉ ዓይነት። ከዚያ የሆነ ሰው ሩቅ እንጨት ሲፈልጥ ተሰማ፣ በርጩማ ሲጎተት ተሰማ፣ ጉሮሮ ተጠረገ፣ የእኔ ሳጥን የቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ብርሃን መጣ። ቁልፉ ሁለቴ ቀዳዳውን ስቶ ነው የከፈትኩት፣ ያን የኳስ ጉድጓድ አንድ ቀን እንኳ ሳላመነታ ዘልዬ እገባበት የነበርኩት እኔ።

ስክሪኑ በርቷል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የጭቃ ግድግዳ፣ በር ላይ የአበባ መጋረጃ፣ ከፊቱ አንዲት ሻሽ ያሰሩ አሮጊት በርጩማ ላይ፣ ዶሮዋ እግራቸው ሥር። ስልኩን የያዘላቸው ሰው አይታይም፣ እሳቸውም ስልክ ላይ እንዳለ ሰው አልነበሩም፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ መንገድ እንደሚያይ ሰው ነበሩ። ፊቴን አስጠጋሁ። ቆጣ አሉ።

«እስቲ ፈቀቅ በል ልጄ፣ ጋረድከኝ፣ በላቸውን ልየው።»

ፈቀቅ አልኩ። ምን ላድርግ፣ ትልቅ ሰው ፈቀቅ በል ሲል ሰው ፈቀቅ ይላል። ጋሽ በላቸው ተነስተው፣ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፣ እናትየዋ አይተው አይተው ድምፅህን ስሰማ ወጣት መስለኸኝ ነበር ሲሏቸው ጋሽ በላቸው እንደ ልጅ አፈሩ፣ ከዚያ ሰላምታው ተጀመረ፣ ደህና ነህ፣ ሰውነትህ እንዴት ነው፣ ወገብህን ተሻለህ፣ እሱ ይመስገን፣ ልጆችህስ። እኔ በጎን ቆሜ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ፣ ያም ሆኖ፣ ሐሰት ምን ያደርግልኛል፣ አእምሮዬ ጥግ ላይ ዳታው እየሄደ ነው እያለ ያሰላ ነበር። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከዲጃ እንደምን አለች?» አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው የጠፋሁት። ስሟን ሲጠሩ በድንጋጤ ፋንታ የያዘኝ ምን መሰላችሁ፣ ይሉኝታ። ዘመድ ናቸው ማለት ነው አልኩ በልቤ፣ የሆነ ልቅሶ ላይ ወይም ሠርግ ላይ ያየሁአቸው፣ እኔ ባለጌው የረሳኋቸው። እኛ ጋ ሚስትህን በስሟ የጠየቀ ትልቅ ሰው «እርስዎ ማን ነዎት?» አይባልም፣ መሬት ተከፍታ ብትውጥህ ይሻላል። ስለዚህ እንደሚያውቃቸው ሰው ፈገግ ብዬ «አለች፣ ደህና ናት፣ እናንተስ እንዴት ናችሁ» አልኳቸው። የእማማ ዘምዘም ጉልበት ተሻለው ወይ አሉኝ፣ ከዚያ መውደቅ ጀምሮ የሚያማቸውን ጉልበት። ተሽሎታል አልኩ። ኮምቦልቻ ያለውን ወንድሜን በስሙ፣ የእህቴን መንታ ልጆች በየስማቸው፣ አከራያችንን፣ የግቢውን ድመት ሳይቀር ጠየቁኝ፣ እኔም ሁሉም ደህና፣ ሁሉም ደህና እያልኩ ላብ በላብ ሆንኩ፣ ማን ናቸው፣ በእናቴ ወገን ነው፣ በአባቴ ወገን፣ እያልኩ ፊታቸውን ስመረምር አንድም የማውቀው ነገር የለም። አነጋገራቸው የወሎም ነው፣ የወሎም አይደለም።

«በል፣ ቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ» አሉ መጨረሻ ላይ፣ ቅጠል የምታክል ትንሽ ፈገግታ ፈገግ ብለው፣ ሳያስበው እንደሚሰናበት ሰው ወደ ዶሮዋ ጎንበስ አሉና ስክሪኑ ጨለመ።

አነሳሁት። ትኩስ ነበር፣ ብዙ ሰዓት የተወራበት ስልክ እንደሚሞቀው። ቁልፉን ተጫንኩት፣ እንደማንኛውም የጠፋ ስልክ ቀስ ብሎ ተነሳና ሲም የለም አለኝ። ሲሙ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ነክቼ አየሁት። ጋሽ በላቸው ኮፍያቸውን አውልቀው ጭንቅላታቸውን አሹ፣ ከዚያ እንዲህ ያለው ነገር ለሚስት በአንድ አፍ አይነገርም፣ አብሬህ ልሂድ አሉኝ።

እንግዲህ አስቡት፣ ሚስቴን ለማስታረቅ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የወጡት ሽማግሌ፣ የጥበቃ ዩኒፎርም የለበሱ፣ በፌስታል ሙዝ የያዙ፣ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ያረፉ፣ ጋሽ በላቸው ናቸው። እማማ ዘምዘም በሩን ከፍተው ዩኒፎርሙን ሲያዩ ምን አደረገ ብለው ደነገጡ፣ የታሰርኩ ነው የመሰላቸው። ከዲጃ ከሶፋው አልተነሳችም። አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ዶሮዋን ስነግራት ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች፣ ጋሽ በላቸው በየመሀሉ «እውነት ነው፣ በጆሮዬ» እያሉ ያጸናሉ። ስጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ማን ነኝ አሉ?» አለችኝ።

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ለምን?»

«እንዴት ብዬ ነው የምጠይቃቸው ከዲጃ? አንቺን በስምሽ፣ የእማማን ጉልበት ሳይቀር ጠየቁኝ እኮ። ማን ልበል ልበላቸው?»

«ነውር ነዋ» አሉ እማማ ዘምዘም፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፣ «እንዴት ይጠየቃል?»

ከዲጃ ሳቀች። ሳትፈልግ ነው የሳቀችው፣ አፏን ይዛ፣ እኔም እንባዬ መጣ፣ አልደብቃችሁም፣ ያን ሳቅ እንደገና የምሰማው አልመሰለኝም ነበር። ኋላ እንደነገረችኝ ያመነችኝ እዚያ ላይ ነው፣ የሚዋሽ ሰው ስም አዘጋጅቶ ይመጣ ነበር፣ አፍሮ ሳይጠይቅ የሚመለሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሙዙ ተከፈለ፣ እማማ ዘምዘም የዘመድ ቆጠራ ጀመሩ፣ አረንጓዴ ግድግዳ ያላት ማን ናት፣ የእገሌ እህት ነች፣ አይ እሷ ዓይኗን ታማለች፣ የእገሌ አክስት ትሆን፣ እሷማ ዶሮ አትወድም፣ በሁለቱም ወገን ዞረው ዞረው ማንንም አጡ። ከዲጃ ደግሞ ጠጋ ብላኝ እጄን ይዛ ታስቆጥረኛለች፣ ደስ ብሏታል፣ እማዬን ጠየቁ? ጠየቁ፣ መንቶቹንም? በየስማቸው፣ ድመቷንም? አዎ።

«አንተንስ እንዴት ነህ አሉህ?»

ደግሜ በልቤ ቆጠርኩ፣ እኔን አልጠየቁኝም።

ጋሽ በላቸው የረዱኝ መስሏቸው «እኔንማ ሁልጊዜ አስቀድመው ደህና ነህ በላቸው ነው የሚሉኝ፣ ከሁሉ በፊት…» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ሙዛቸውን ማየት ያዙ። ከዲጃ ጣቶቼን እንደያዘች ቀረች። ይሄን ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ ሰው የቤተሰቡን ሁሉ ደኅንነት አንድ በአንድ ሲጠይቅ አንዱን ሆን ብሎ የሚዘልለው መቼ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ያረፈውን ሰው ስም ቤተሰቡ ፊት አንስተን «እሱስ ደህና ነው?» አንልም። እማማ ዘምዘም ቀስ ብለው ረስተው ይሆናል አሉ። ድመት የጠየቀ ሰው።

ከዲጃ ያን ዕለት ማታ አብራኝ ቤት ገባች፣ ሻንጣውን እኔ ተሸከምኩት። ከደሞዜ እየተቆረጠ ነው፣ የስልክ ቢሮዋ ልጅ ስሕተት የለም ብላ ጸናች፣ እኔም ተከራክሬ አልሄድኩም፣ ምን ብዬ እከራከራለሁ። ዶሮዋ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም፣ ጋሽ በላቸው አንዳንዴ በሰው ፊት ሳጥኔን በጣታቸው ቆርቆር ያደርጉና ዝም ሲላቸው ይከፋቸዋል። ሐኪም ጋ ሄጃለሁ፣ በከዲጃ ግፊት ነው፣ ልብህም ደምህም ደህና ነው ብሎኛል፣ በመዘነኝ ሚዛን ሁሉ ደህና ነኝ።

ብቻ አሁን ከዲጃ ጠዋት በሩ ጋ ስደርስ ትደውላለች፣ ስወጣም ገና ስልኩን ሳበራው ትደውላለች፣ በቪዲዮ፣ ፊቴን ልየው እያለች፣ ሰናይት ከሒሳብ ክፍል ጣሪያውን ልነካ እንደደረስኩ ነግራኛለች፣ ይንካ ብያታለሁ።

«ደህና ነህ?» ትለኛለች።

«ደህና ነኝ» እላታለሁ።

«በደንብ?»

«በደንብ» እላለሁ፣ ከዚያ የምንለው አልቆብን ሁለታችንም ዝም ብለን እንተያያለን፣ ጋሽ በላቸው «ይጥፋ» ሳይሉን አጠገቤ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ቀድሞ የሚዘጋ የለም።